አንድ ሽምብራ፣ ዐሥር ዙር

የቨርኒሽ ሽታ ደስ ይለኛል ስል ሰው ይስቅብኛል። ሌላው ሰው ዝናብ የነካው አፈር ወይም አሪቲ ይወዳል። እኔ ደግሞ የተጠቀለለ ሞተር ቨርኒሽ ጠጥቶ በከሰል ሙቀት ሲደርቅ የሚወጣውን፣ አፍንጫ የሚቆነጥጠውን ሽታ እወዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ለጉዳይ አዲሱ ገበያ ሄጄ ታክሲ ስጠብቅ ያ ሽታ መጣ። ጉዳዬን እዚያው ትቼ ተከተልኩት። አንድ ጫማ ቤትና አንድ ሞባይል ጠጋኝ አልፌ፣ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ ነው ብዬ የማስበው የጋሽ ሸምሱ ሱቅ በር ላይ ቆምኩ።

ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሽቦ የሚጠቀልለው ሰውዬ ቀና ሲል ነስሩ ነው፣ የጋሽ ሸምሱ ልጅ። ጢሙ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ስሜን ሳልነግረው አወቀኝ። "መቅዲ ሽምብራ" አለኝ። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ፣ የልጆች እናት ሆኜ፣ ቦርሳ አንግቼ ብመጣም ስሜ አልተቀየረም ማለት ነው። አልተቀየምኩም፤ ስሙን የሰጠኝ የገዛ እጄ ነው።

ለምን እንደዚያ እንደተባልኩ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው፤ ሌላውን ግማሽ ባለፈው ሳምንት ነስሩ ነገረኝ። ግን ከግማሹ ልጀምር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ሦስተኛ ክፍል። እናቴና እኔ ጋሽ ሸምሱ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ በጠዋት ወጥታ ቢሮ ታጸዳለች፤ የምትመለሰው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የማደርገው የለኝም። ስለዚህ ከግቢው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ ባለው የጋሽ ሸምሱ ሱቅ እንድቀመጥ ታዘዝኩ። "ቁጭ በይ፤ ምንም ነገር እንዳትነኪ" ብላኛለች እናቴ። የመጀመሪያውን አደረግኩ።

ጋሽ ሸምሱ ሞተር ጠቅላይ ነበሩ። ሞተር፣ ጄኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕ ሲቃጠል የጠቆረውን የመዳብ ሽቦ ከሆዱ ጎልጉለው አውጥተው አዲስ ይጠቀልሉበታል። ቀጭን ናቸው፤ ነጭ ኮፊያ ያደርጋሉ፤ የመነጽራቸው አንድ ክንድ ተሰብሮ በሱ ፈንታ የመዳብ ሽቦ ነበረው። ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው ሙያውን ፋብሪካ ውስጥ ነው የተማሩት። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ነስሩ ያኔ ጎረምሳ ነጋዴ ነበር፤ መርካቶ ይሠራል፤ ማታ ማታ እየመጣ ከአባቱ ጋር ይጨቃጨቃል። ጭቅጭቁ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የቀኝ ዓይናቸው ሞራ።

"አባባ፣ አንድ ቀን እሳት ያለበትን ሽቦ ትይዛለህ" ይላል ነስሩ።

"እጄ ያያል" ይላሉ እሳቸው።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ሽቦው በእጅ በሚዞር የእንጨት መንኮራኩር ላይ ይጠቀለላል። ጋሽ ሸምሱ እጀታውን ይይዙና ከአንድ እስከ ዐሥር በለሆሳስ ይቆጥራሉ። ዐሥር ሲሞላ ከጣሳ አንድ የተቆላ ሽምብራ ወስደው ሳህን ላይ ያኖራሉ። እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ከዐሥር በላይ አይቆጥሩም፤ "ከዐሥር በላይ የቆጠረ ሰው ሐሳብ ይሰርቀዋል" ይላሉ። ኮይሉ፣ ማለትም አንዱ የሽቦ ጥቅል፣ ሰማንያ ዙር ከሆነ ሳህኑ ላይ ስምንት ሽምብራ ሲሞላ ያቆማሉ። ከዚያ ቆጣሪውን ራሱን ይበሉታል። እኔ ከመጣሁ በኋላ ሽምብራ ማኖሩ የኔ ሥራ ሆነ። እሳቸው ዐሥር ላይ ሲደርሱ "በይ" ይሉኛል፤ እኔ አንድ አኖራለሁ። ኮይሉ ሲያልቅ አራቱን ለሳቸው፣ አራቱን ለኔ። ከዚያ የተሻለ ሥራ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

የዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። እናቴ "ልጅ ነሽ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃሻል" አለችኝ። እኔ ግን ክፍል ውስጥ እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ነበር፤ ጉራ ደግሞ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ለጋሽ ሸምሱ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"እስከ ዘጠኝ? በየቀኑ?"

"በየቀኑ። እስከ ፋሲካ።"

"እንግዲያው የጾም ጓደኛሞች ነን" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮይሉ ሽምብራ አይበላም ሆነ። ሲያልቅ ስምንቱም ወደ ጣሳው ይመለሳሉ። ሌላ መቁጠሪያ ማምጣት እንዳለባቸው አላሰቡም፤ ሁለት ጾመኛ በተቀመጠበት ቤት ሽምብራ ምን ይሆናል?

መብራት ያኔ አንድ ቀን ካለ በማግሥቱ የለም። ከኛ በላይ፣ ወደ ቁስቋም በሚወስደው ዳገት ላይ ያለው ዳቦ ቤት ሊጡን የሚያቦካው በጄኔሬተር ነበር፤ ረመዳኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያ ጄኔሬተር ተቃጠለ። ባለ ዳቦ ቤቱ በጋሪ ጭኖ ይዞት መጣ። ነስሩ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄን ተወው አባባ። ትልቅ ነው። ከተበላሸ ሰፈሩ ሁሉ ዳቦ አጣ ማለት ነው።"

"አልተውም።"

"እሺ። ካልተስተካከለ ግን ሱቁን እንዘጋለን። ቃል ግባልኝ።"

ጋሽ ሸምሱ ጢማቸውን ዳሰሱ። "ገባሁ" አሉ። "ቁጥሬ ከሳተ ቁልፉን ራሴ እሰጥሃለሁ።" ቁልፉ በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔ ዓይኔን ከቁልፉ ላይ አላነሳሁም። ሱቁ ከተዘጋ ከሰዓት በኋላዬ የት ይሆናል?

ጄኔሬተሩን ሲፈቱ ጥያቄ አበዛሁ። ሌላ ሰው ቢሆን "ዝም በይ" ይለኝ ነበር።

"ጋሼ፣ መብራት ከምንድን ነው የሚመጣው?"

"ከማዞር።"

"ዝም ብሎ ከማዞር?"

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "ሣር ሲታጨድ አይተሻል?"

እንጦጦ ሥር ላደገ ልጅ ይሄ ጥያቄ አይደለም። አይቻለሁ አልኩ።

"በማግኔቱ ሁለት ጫፎች መሃል የማይታይ ሣር ቀጥ ብሎ ቆሟል በይ። ሽቦው ማጭድ ነው። ማጭዱን በሣሩ ቁመት ከታች ወደ ላይ ብትስቢው ምን ትቆርጫለሽ?"

"ምንም።"

"አግድም ብትስቢውስ?"

"ብዙ።"

"ሰያፍ ከሆነ?"

"መካከለኛ።"

"በቃ፣ አወቅሽው።" በአመልካች ጣታቸው አየር ላይ ክብ ሠሩ። "ሽቦው እንዲህ ይዞራል። እዚህ ጎን ላይ ሲሆን ከሣሩ ቁመት ጋር ነው የሚሄደው፤ አይቆርጥም፣ መብራትም የለም። እየወጣ ሲሄድ ሰያፍ ይሆናል፣ መቁረጥ ይጀምራል። አናቱ ላይ አግድም ነው፤ ያኔ ከሁሉ አብልጦ ይቆርጣል። በወዲያኛው ጎን ሲወርድ እንደገና ምንም። ከታች ሲመለስ ደግሞ በተቃራኒው ያጭዳል፤ መብራቱም ወደ ኋላ ይሄዳል። ያንን ሁሉ ሲያደርግ ፍጥነቱ አንድ ነው። አይቸኩልም፣ አያርፍም።" የዳቦ ቤቱ ጄኔሬተር ላይ የሚዞረው ማግኔቱ፣ የሚቆመው ሽቦው እንደሆነም ነገሩኝ። ማጭዱ ቆሞ ሣሩ ቢዞርም መቆረጡ አይቀርም አሉ።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ፀሐይ በበሩ ቀጥታ ትገባለች። መንኮራኩሩን አንስተው ጠርዙን ወደ በሩ አዞሩት። የእጀታው ጥላ ከኋላ ግድግዳው ላይ አረፈ። ሲያዞሩት እጀታው ክብ ይሄዳል፤ ጥላው ግን ክብ አይሄድም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው። ከሲሚንቶ ከረጢት ረጅም ወረቀት ቀደዱ፤ መሃሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩና ሰጡኝ። በግራ እጄ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ቀስ እያልኩ እስባለሁ፤ በቀኝ እጄ በከሰል የጥላውን ጫፍ እከተላለሁ። የመጀመሪያው የመጋዝ ጥርስ ሆነ። ሁለተኛው ላይ ወረቀቱን ቀደድኩት።

"አትጎትቺው። እንደኔ፣ ሳትቸኩዪ ሳታርፊ" አሉ።

ሦስተኛው ላይ መጣ። ከመስመሩ ተነስቶ ለስለስ ብሎ የሚወጣ፣ አናቱ ላይ የሚንሸራሸር፣ ወርዶ መስመሩን አቋርጦ ከሥር ያንኑ ያህል የሚጎደጉድ፣ ደግሞ የሚመለስ። ያለማስመሪያ እንደዚያ ያለ ቆንጆ ነገር የኔ እጅ ያወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከመስመሩ በራቀ ቁጥር የበለጠ መብራት ማለት ነው አሉኝ፤ ከሥር ሲሆን ያው መብራት ወደ ኋላ ሲሄድ ነው።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። "ጋሼ፣ ጥላው መሃል ላይ ሲደርስ ይሮጣል። እዚያ ደግሞ መብራት የለም ብለዋል። አናቱ ላይ የቆመ ሲመስል ነው ብዙ መብራት ያለው። እንዴት ነው?"

በጣም ደስ አላቸው። ይህን ሳስታውስ ደስታቸው አሁንም ይሞቀኛል። "ጥላውን ነዋ የምታዪው" አሉ። "ከጎን ሲታይ የሚሮጥና የሚቆም ይመስላል። እጀታው ግን ሁሌም ያው ነው።"

ወረቀቱን ቤት ወስጄ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በማግሥቱ መብራት ሲጠፋ ነገሩ ሁሉ ገባኝ፤ መብራቱ ከመስመሩ ሥር ገብቷል፤ ነገ ይወጣል። ለእናቴ ነገርኳት፤ እናቴ ለጎረቤት ነገረች፤ በሳምንቱ የግቢው ሰው ሁሉ ሻማ እየለኮሰ "ዛሬ ሥር ገብቷል" ይል ጀመር። ጋሽ ሸምሱ ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። መውጣት መውረዱ በአንድ ሰከንድ ሃምሳ ጊዜ እንደሆነ፣ ያኛው መጥፋት ግን ሌላ ነገር እንደሆነ አስረዱኝ። ሃምሳውን ለማየት አምፖሉ ላይ እስክታመም ዓይኔን አርገበገብኩ። አልታየኝም፤ እሳቸው ካሉ ግን እውነት ነው ብዬ ተቀበልኩ።

የጥቅለላው ቀን መጣ። አራት ኮይል፣ እያንዳንዱ ሰማንያ ዙር። ሰዓቱ ከስምንት አልፏል። ጠዋት ስፖርት ነበረን፤ ሆዴ ይጮኻል። ጋሽ ሸምሱ ዐሥር ሲሉ አኖራለሁ፤ ዐሥር ሲሉ አኖራለሁ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ እጄ እንደ ድሮ ልማዱ ከሳህኑ አንዱን አንስቶ ወደ አፌ ወሰደው። የገባኝ ካኘክሁት በኋላ ነው። ጋሽ ሸምሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆጥሩ ስለነበር አላዩም። መትፋት ነበረብኝ፤ ዋጥኩት። ሁለተኛው ኮይል ላይ ግን በልማድ አላሳብብም። ከፈረሰ ፈረሰ ብዬ ነው የበላሁት። ሦስተኛውም አራተኛውም ላይ እንዲሁ።

ኮይሎቹን የጄኔሬተሩ ብረት ውስጥ ሲያስገቧቸው አስቸገሯቸው። በቀርከሃ ስንጥር እየገፉ፣ በመዶሻ እጀታ እየመቱ፣ በግድ አስገቧቸው። "ሽቦው ወፍሯል መሰለኝ" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው "ወይም እጄ ደክሟል" አሉ። የበላሁትን ግን አልተናገርኩም። ሽምብራ መብላቴ በላይ በሰማይ ብቻ ሳይሆን በሽቦውም ላይ እንደሚቆጠርብኝ ገና አላወቅኩም።

ቨርኒሽ ከመቀባቱ በፊት ይሞከራል፤ ቨርኒሽ ከደረቀ በኋላ ሽቦውን መንካት አይቻልም። ነስሩ ለዚያ ቀን ከመርካቶ ቀደም ብሎ መጣ። ሞተሩን አስነሱት። ጋሽ ሸምሱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ድምፁን ሰሙና "ፍጥነቱ ልክ ነው" አሉ። ነስሩ የመብራቱን ኃይል የሚለካውን የቴስተሩን ሁለት ሽቦዎች ጄኔሬተሩ ላይ አስነካ። ቀዩ መርፌ ተነሳ። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ላይ መቆም ነበረበት፤ አልፎት ሄደና ሁለት መቶ ሃምሳ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

እኔ ስለ ቴስተር የማውቀው የለም። መርፌው ጾም ገዳፊን የሚለይ መሣሪያ መሰለኝ። እየተንቀጠቀጠ ወደኔ የሚያመለክት ነበር የሚመስለው።

"በዝቷል" አለ ነስሩ። "በዚህ ከሄደ አምፖሉም ማቡኪያውም ይቃጠላል።"

ጋሽ ሸምሱ ወደ መርፌው ተጠግተው አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ትርፉ የሁለት መቶ ሃያ አንድ ስምንተኛ ነው። ስምንት ሽምብራ ላይ አንድ። ይህን ያሰላሁት ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ እሳቸው እዚያው ቆመው አሰሉት። ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያዩት ጣሳውን ነው፤ ቀጥሎ እኔን። ለረጅም ጊዜ አላዩኝም።

"እኔ ነኝ" አሉ ለነስሩ። "ቁጥሩ ሳተብኝ።"

ነስሩ ደስ አላለውም፤ ይህን ልመስክርለት። ድምፁ ዝቅ ብሎ "ተስማምተናል አይደል አባባ?" አለ።

"ተስማምተናል።" ወደ በሩ ሄዱ፤ ቁልፉን ከምስማሩ አወረዱና በልጃቸው መዳፍ ላይ አኖሩት።

እናቴ የገባችው በዚያ ሰዓት ነው። ከቢሮ መልስ ልትወስደኝ። ሦስታችንንም ቴስተሩ አጠገብ ቆመን አየችና "ምን ሆናችሁ?" አለች። መልሱን ጋሽ ሸምሱ ሊሰጡ ሲሉ እኔ ቀደምኳቸው። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ቁልፉን ነስሩ እጅ ላይ ማየት አልቻልኩም።

"ሽምብራውን የበላሁት እኔ ነኝ።"

"የምን ሽምብራ?" አለ ነስሩ።

"የቁጥሩን። ከእያንዳንዱ ኮይል አንድ አንድ። እሳቸው አልሳቱም።"

እናቴ ስለ ጄኔሬተሩ ምንም አልገባትም። የገባት ሌላው ነው። "በጾም?" አለች።

ነስሩ በጣቶቹ ቆጠረ፤ ቴስተሩን አየ፤ አባቱን አየ። "አንድ ሽምብራ ሲጎድል ሳህኑ እስኪሞላ ዐሥር ዙር ይጨመራል፤ አራት ኮይል፣ ዐሥር ዐሥር ዙር ትርፍ። አባባ፣ አውቀህ ነው?"

ጋሽ ሸምሱ ትከሻቸውን ነቀነቁ። "ጾሟን ልትፈታ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሲቀራት ረሃብ ያሸነፋትን ልጅ ከሰስኳት ልባል?"

"ሱቅህን ልትሰጠኝ?"

"ሱቅ ለልጅ ነው የሚሰጠው። ዛሬም ሆነ ነገ ያንተው ነው።"

ነስሩ ሳቁ መጣበት፤ ሊይዘው ሞክሮ አልቻለም። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲሉ እሰማ ነበር" አለ፤ "የኛዋ ደግሞ ዳቦ ቤት ልታቃጥል ነበር።" ቁልፉን መልሶ ምስማሩ ላይ ሰቀለው። "እጅህ ያያል፤ አመንኩ" አላቸው። እናቴ ግን ገና አልጨረሰችም። ማታ ስግደት ተጨመረብኝ፤ ጉልበቴ ያስታውሰዋል።

ከእያንዳንዱ ኮይል ዐሥር ዐሥር ዙር መልሶ ማውጣት ሁለት ቀን ፈጀ። ጋሽ ሸምሱ ጣሳውን እንደ ወትሮው ከፊቴ አኖሩልኝ። "በይ፣ አሁን ወደ ኋላ ነው የምንቆጥረው" አሉ። ዐሥር ዙር በወጣ ቁጥር ከሳህኑ አንድ ሽምብራ ወደ ጣሳ እመልሳለሁ። እየሠሩ ሳሉ ወረቀቴን አምጪው አሉኝ፤ ባለ ከሰሉን። ዙር ሲበዛ የሣልኩት ማዕበል ቁመቱ እንደሚረዝም እንጂ መልኩ እንደማይለወጥ ከላዩ ላይ በእርሳስ አሳዩኝ። "መልኩን የሚሰጠው ክቡ ነው፤ አልነካሽውም" አሉ። ሁለተኛ ሲሞከር መርፌው ሁለት መቶ ሃያ ላይ ተቀመጠ። ዘለልኩ። ከዚያ ቨርኒሹ ተቀባ፤ ከሰሉ ተቀጣጠለ፤ ያ ሽታ ሱቁን ሞላው። ያኔ ነው የወደድኩት።

ዒድ ሆነ። ጋሽ ሸምሱ ለኛ የጾም ዳቦና ቴምር ላኩልን። በማግሥቱ ሱቅ ስሄድ ጠረጴዛው ላይ ጣሳ አለ፤ ጣሳው ውስጥ ግን ሽምብራ የለም። ቆርኪ ነው፤ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ።

"ዛሬ በዚህ ነው የምንቆጥረው" አሉ ጋሽ ሸምሱ፣ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ።

ተሰማኝ። አላመኑኝም ማለት ነው። ነስሩም ሱቅ በሚውልባቸው ቀናት ምሳውን ሲበላ ጓሮ ይሄድ ጀመር፤ በፊት እንደዚያ አያደርግም ነበር። ሳህን ይዞ በጀርባዬ ሲያልፍ እሰማዋለሁ። ከሌባ ምግብ ይሸሸጋል ብዬ አሰብኩ፤ ተገቢ ነውም ብዬ አሰብኩ። ሦስት ሳምንት ከምናምን ቆርኪ ቆጠርኩ። ቆርኪ ሳህን ላይ ሲወድቅ ቀዝቃዛ ድምፅ አለው። እስከ ዘጠኝ መጾሜን ግን አንድም ቀን አላጎደልኩም፤ ምናልባት ያዩልኛል ብዬ።

የፋሲካ ማግሥት ሱቅ ስገባ ቆርኪው የለም። ጣሳው እስከ አፉ ሽምብራ ነው፤ ገና ትኩስ፣ ጨው የነካው። ጋሽ ሸምሱ ኮይል ጨርሰው ስምንቱ ያሉበትን ሳህን ወደኔ ገፉት። "አራት አራት" አሉ። ቅጣቴ ማለቁ ነው ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ይቅር ያለኝ የመጀመሪያው ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው ብዬ ይዤው ኖርኩ፤ ለልጆቼም እንዲያ ብዬ ነው የምነግራቸው።

ባለፈው ሳምንት ለነስሩም እንዲያው ነው የነገርኩት፤ እየቀለድኩ። "እስከ ፋሲካ በቆርኪ ቀጥታችሁኛል እኮ" አልኩት።

እጀታውን ማዞር አቆመ። "ማን ቀጣሽ?"

"አባትህ ናቸዋ። አንተም ምሳህን ስትደብቀኝ ነበር።"

ቀና ብሎ አየኝ፤ የአባቱ ዓይን ነው። "መቅዲ፣ አንቺ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምታስቢው? የዒድ ዕለት ማታ ጠርቶ ነው የነገረኝ። 'የኛ አለቀ፤ የልጅቷ ገና ነው። ረሃቧን አይተናል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በዚህ ሱቅ ውስጥ የሚበላ ነገር ፊቷ አይቅረብ' አለኝ። ቆርኪውን ከለስላሳ መሸጫዎቹ ለቅሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ።" እጁን በጨርቅ ጠረገ። "እኔስ ጓሮ ሄጄ እበላ ነበር። እሱ እስከ ፋሲካ ከአንቺ ሰዓት በፊት አይበላም ነበር። ዘጠኝ ሲሞላ ልትበዪ ቤት ስትገቢ ነው ምሳውን የሚያነሳው። 'የጾም ጓደኛ ናት፤ በመንገድ አይተዋትም' ይል ነበር። አላህ ይርሐመው።"

ጥላውን ነው ሳይ የኖርኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ የቆጠርኩት እያንዳንዱ ቆርኪ ለኔ የተቀመጠ እንጂ እኔን የሚቀጣ አልነበረም። አንድ የስልጤ ሽማግሌ የራሳቸውን ጾም ፈትተው የአንዲት ተከራይ ልጅ ሁዳዴ ውስጥ ገብተው አብረዋት ጾሙ፤ አልተናገሩም፤ ምስጋና አልጠበቁም። አመሰግንዎታለሁ ጋሼ። ዘግይቷል፣ ግን አመሰግንዎታለሁ።

ነስሩ የጀመረው ኮይል ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዘንድሮም ሁለቱ ጾሞች ገጥመዋል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ጣሳ አጠገቡ አለ፤ ውስጡ ሽምብራ። አግዳሚውን በእጁ ጠረገልኝ። "ነይ ቁጠሪልኝ" አለ። "ከበላሽ ግን ቴስተር አለኝ።"

ተቀመጥኩ። ዐሥር ቆጠረና "በይ" አለኝ፤ አንድ አኖርኩ። ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ካለፈ ቆይቷል፤ የኔ ጾም ተፈቷል። ሽምብራውን ግን የነስሩ ጾም የሚፈታበት የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ድረስ አንዷንም አልነካሁም።